ለቅሶውን አትከልክሉን

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት። ይጠቅማታል ብላ እንጂ ክፉ አስባ አይደለም። ጽሑፉ ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ሐዘኑን እንዴት መያዝ እንዳለበት ይመክራል። እኔ ከእንደዚያ ዓይነት ቤተሰብ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ስድስት ዓመት ራሱን አጥፍቶ ሞተ።

ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለሰው ለመናገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በእነዚያ አራት ዓመታት የተከተልነው ምክር ደግሞ ይኸው አሁን የሚዞረው ምክር ነው። ማንም ሳይጽፍልን፣ ራሳችን ነበር የመረጥነው። ስለዚህ ወዴት እንደሚያደርስ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሞቱን ምክንያት ለጎረቤትም ለልጆችም አትናገሩ፣ ገበና ነው ይላሉ። ለቅሶው ይጠር፣ ድንኳን አይጣል፣ የሕይወት ታሪክ አይነበብ፣ ሌላ ወጣት አይቶ እንዳይመኘው ይላሉ። የሟቹ ነፍስ ተስፋ ስለሌላት ጸሎትና ተዝካር ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ቤተሰቡ ምልክቱን ማየት ነበረበት፣ ሌላው እንዲማር ጥፋቱን ይመን ይላሉ። በመጨረሻም ከአርባው በኋላ ፎቶውን አንሱ፣ ዕቃውን ስጡ፣ «ለምን» የሚለውን ጥያቄ ዝጉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ፣ ባለሙያ ማማከር የፈረንጅ ነገር ነው ይላሉ።

ጽሑፉ በጭካኔ የተጻፈ አይመስለኝም። ጸሐፊው ሌላ ልጅ እንዳይሞት ፈርተው ነው። ያ ፍርሃት የእኔም ነው። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

«ገበና ነው» የሚለውን ላስቀድም። የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የወንድሜን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ የሠራበትን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» አልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በማይክራፎን ተነበበ። ማታ ድንኳን ውስጥ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ ይጠይቀኝ ጀመር። «ልብ ነው?» «ደም ግፊት ነበረበት እንዴ?» «የት ነበር የሚታከመው?» ለአጎቴ ልብ ነው አልኩት። ለአንዷ ጎረቤት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አልኳት። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ አየሁና እግሬ ተብረከረከ። ለማን ምን እንዳልኩ ሳስታውስ ሰልስቱ አለፈ። አላለቀስኩም። ፋታም አላገኘሁም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለሌላ ሞት ነው። በልቡ ታሞ ለሞተ አንድ ሰው ነው ለቅሶ የደረሱት። ለወንድሜ ሞት ማንም አልደረሰልኝም። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሉኝ በሆዴ «ብታውቂ ኖሮ አትመጪም ነበር» እላለሁ። ጸሐፊው ምስጢሩ ሰው እንዳይሸሻችሁ ይጠብቃችኋል ይላሉ። እኛን የጠበቀን ከማጽናኛው ነው። ሰዉ አጠገቤ ተቀምጦ እኔ ሩቅ ነበርኩ።

እውነቱ ሲወጣ የሚሸሽ አይኖርም አልልም። ከእናቴ ጓደኞች አንዷ ከሰማች በኋላ ቡና ስትጠራ መጥታ አታውቅም። ያማል። ግን ሌላም ሰው መጣ። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዘይትና ስኳር የምንገዛቸው ሰው፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና «የእኔም አባት እንዲሁ ነው የሞቱት» አሉ። ለልጆቻቸው እንኳን ነግረው አያውቁም ነበር። እናቴ ከሳቸው ጋር ያለቀሰችውን ያህል በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 727,000 ያህል ሰው ራሱን አጥፍቶ እንደሞተ ይናገራል። እኛ ግን በሰፈሩ ብቸኛ የተረገምን ቤት መስለን ስንኖር፣ ሦስት በር አልፎ ሌላ ሰው ያንኑ ተሸክሞ ይኖር ነበር።

ልጆችን በሚመለከት ጸሐፊው እውነቱ ይሰብራቸዋል ይላሉ። የወንድሜ ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። «አባዬን አሞት ነው» አልናት። በአሥር ዓመቷ የክፍል ጓደኛዋ ተጣልታት፣ በጠብ መሃል ነገረቻት። ቤት መጥታ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ሳታወርድ «ማን ማን ያውቃል?» ብቻ አለችኝ። ሁላችንም አልኳት። «አያቴም?» አዎ። «የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዬም?» አዎ። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሰማች። አባቷ እንዴት እንደሞተና የምታምነው ሰው ሁሉ እንደዋሻት። ይቅር ለማለት የከበዳት ሁለተኛውን ነው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች። የሞተ ዕለት ጠዋት ጫማ አላደርግም ብላ አስቸግራው ነበር። በእሱ ተናዶ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች። አራት ዓመት ሙሉ፣ ሞቱ «ሕመም» ነው በተባለበት ጊዜ እንኳን፣ ያቺን ጫማ ይዛ ኖራለች። ልጅ ያልተነገረውን ነገር በራሱ ጥፋት ይሞላዋል።

ደግሞ እኛ ከባድ ነገር መናገር የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ አለን። ሰው በሥራ ቦታው፣ በስልክ፣ ብቻውን አይረዳም። ሽማግሌ ይመረጣል። ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል። የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ውኃ ይቀርባል። ከዚያ ቀስ ተብሎ፣ ግን እውነቱ ይነገራል። ሲነገርም ሰዎቹ አይሄዱም፣ አብረው ይውላሉ። ለልጅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። «አባትሽ ታሞ ነበር። ሕመሙ የአእምሮ ነው። በጣም ሲብስበት ራሱን አጠፋ። አንቺ ያጠፋሽው ምንም የለም። በፈለግሽ ጊዜ ጠይቂን።» ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ መናገር ይቻል ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ። እንዴት፣ በምን፣ የት የሚለው ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። ለልጅም፣ ለጎረቤትም፣ ለፌስቡክም። እኔም አልተናገርኩም፣ አልናገርም። ለማን፣ መቼ እንደሚነገር የሚወስነውም ቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ በር የመዝጋት መብት አለው። እኛ ግን በሩን ዘግተን አላበቃንም፣ ሌላ ታሪክ ፈጥረን ውስጡ መኖር ጀመርን። የጎዳን ያ ነው።

ቀጥሎ ለቅሶው ይጠር የሚለው ነው። ጸሐፊው አንዱ ሞት ሌላውን ይጠራል ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት እውነት አለው፣ አላቃልለውም። በቪየና ከተማ በ1987 እ.ኤ.አ. የሆነ ነገር አለ። በዚያች ከተማ በአንድ ዓይነት መንገድ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በዝተው ነበር። ጋዜጦቹም እያንዳንዱን ሞት በፊት ገጽ፣ በፎቶ፣ በዝርዝር ይዘግቡ ነበር። ባለሙያዎች ተሰብስበው ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ አወጡ። ጋዜጦቹ አካሄዳቸውን ሲቀይሩ የሞቱ ቁጥር በወራት ውስጥ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። ስለዚህ አነጋገር ይገድላል፣ አነጋገር ያድናልም። ቪየና ላይ የተተወው ግን የፊት ገጹ ድምቀትና የአሟሟቱ ዝርዝር ነው። ቤተሰቦቹ እንዳያለቅሱ አልተከለከሉም። አንድ ወጣት ንፍሮ ሲታደል አይቶ ሞትን አይመኝም።

ድንኳኑ ለማን እንደሚጣል ማሰብ ያስፈልጋል። ለሟቹ አይደለም። ሟቹ ሄዷል። ድንኳኑ የቀረውን ሰው ብቻውን ላለመተው ነው። እድርተኛው ተራ ገብቶ የሚያድረው፣ ሴቶቹ ወጡን ይዘው የሚመጡት፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ወደ ጓዳ እንዳትገባ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጥበቃ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው የእኛ ዓይነት ቤት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት የቅርብ ሰው የሞተባቸውን 3,432 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሠራተኞች ጠይቆ ነበር። የቅርብ ሰዋቸው ራሱን አጥፍቶ የሞተባቸው፣ ሰዋቸው በድንገተኛ ሕመም ከሞተባቸው ይልቅ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው በ65 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። አጥኚዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። ሰዎቹ ከሌላው ሰው የሚሰማቸውን መገለል በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡት፣ ያ ልዩነት ጉልህነቱን አጣ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አይወጣም። አደጋው ከዘር ብቻ፣ ወይም «ከመጥፎ ምሳሌ» ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እኔ ራሴ ከወንድሜ ሞት በኋላ በሁለተኛው ክረምት ሞት ሞት የሸተተኝ ጊዜ ነበር። ድንኳን ስላየሁ አልነበረም። የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ጸሐፊው የሚቀጥለውን ሞት ከፈሩ፣ እባክዎ ባዶውን ቤት ይፍሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እንዴት እንደሞቱ የማያውቅ የለም። የተቀበሩት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግሊዞች ወስደውት የነበረው የጠጉራቸው ቁራጭ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመለስ አገር በክብር ተቀብሏል። አሟሟታቸው እንደ ጀግንነት ለልጆች ሲነገር እኔን ቅር ይለኛል። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ግን ንጉሡን በስማቸው ጠርቶ የሚያለቅስ አገር፣ አንዲት እናት ልጇን በስሙ ጠርታ ብታለቅስ ምን ይሆናል?

ስለ ነፍስ የተጻፈው ከሁሉም የጎዳኝ ነው። ጽሑፉን ያየሁ ለት መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴ እጅ እንዳይገባ ነው። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያናችን ራስን ማጥፋትን ከባድ ኃጢአት እንደምትለው፣ በጤናማ አእምሮ ይህን ላደረገ ሰው ፍትሐት እንደማይፈታ አውቃለሁ። ይህን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል። የጎደላቸው ቀጣዩ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ይህንኑ ተጠይቀው ነበር። አእምሮውን ስቶ በራሱ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ቢኖር ቅዳሴ ይቀደስለት ወይ? በ14ኛው መልሳቸው፣ በእውነት አእምሮውን ስቶ ከነበረ ይቀደስለት አሉ። ካህኑ ግን በጥንቃቄ ይመርምር፣ ዘመዶች ጸሎት ለማግኘት ብለው ሊዋሹ ይችላሉና። ይህ የሩቅ አገር ሕግ አይደለም። የእስክንድርያ አባቶች የእኛም አባቶች ናቸው።

እንግዲህ ሥርዓቱ የሚለው መርምር ነው። ጽሑፉ ግን ሳይመረምር ይፈርዳል። ደግሞም የመጀመሪያው ምክራቸው ይህን ምርመራ የማይቻል ያደርገዋል። እኛ ለንስሐ አባታችን ጭምር ዋሽተን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እውነቱን ስንነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና ይጠይቁ ጀመር። እንቅልፍ ነበረው? ምግብ ይበላ ነበር? ከሰው ይሸሽ ነበር? ምን የሚል ድምፅ ይሰማው ነበር? ሐኪም አይቶት ያውቃል? ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። እናቴ እሷም ረስታው የነበረውን ነገር ሁሉ ተናገረች። ሲነሱ የክርስትና ስሙን ጠይቀው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ» ብቻ አሉ። በዚያ ሌሊት እናቴ ሳትነቃ ተኝታ አደረች።

መጽሐፍ ቅዱስንም ማየት ነው። ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ ሞተ። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ምን አደረጉ? ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው ሬሳውን አመጡ። አጥንቱን ቀበሩ። ሰባት ቀን ጾሙ። ዳዊትስ? ያሳድደው ለነበረው ለዚያ ሰው ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ የልቅሶ ቅኔ ደርሶ ሕዝቡ እንዲማረው አዘዘ። ስለቀበሩት ደግሞ የኢያቢስን ሰዎች «የተባረካችሁ ሁኑ» ብሎ ላከባቸው። የሳኦል ነፍስ የት ናት የሚለውን አልነገረንም። እኔም አልናገርም። መቅበርና ማልቀስ ግን በረከት ተባለ።

ሐጂም ከሃይማኖታቸው አንድ ነገር ለእናቴ ነግረዋታል። ነቢዩ ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ ራሳቸው አልሰገዱም፣ ይህን አልሸሸጉም። ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት ሌላው ሙስሊም ይስገድለት ይላሉ። ሌላም ዘገባ አለ። ወደ መዲና የተሰደደ አንድ ሰው ሕመሙ በርትቶበት፣ መታገሥ አቅቶት በራሱ እጅ ሞተ። ጓደኛው በሕልሙ አየው። አላህ ምሮታል፣ እጆቹ ግን ተሸፍነዋል። ሕልሙ ለነቢዩ ሲነገር «አላህ ሆይ፣ እጆቹንም ማርለት» ብለው ለመኑ። ሐጂ ይህን ሲናገሩ የራሳቸውን እጅ እያዩ ነበር።

ቤተሰቡ ምልክቱን ማየት ነበረበት ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ነው። እሑድ ዕቁቡን ከፍሎ ነበር። ቅዳሜ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቶላት ነበር፣ ያቺኑ ጫማ። እንቅልፍ ካጣ ግን ወራት ሆኖት ነበር። አሁን ወደ ኋላ ሳይ እንቅልፍ ማጣቱ ይታየኛል፣ ያኔ የሚታየኝ ዕቁቡና ጫማው ነበር። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ምልክት መልቀም ይቀለዋል። በየቀኑ በሽተኛ የሚያዩ ሐኪሞች እንኳን ያመልጣቸዋል።

ምልክቶችን ማስተማር ግን ትክክል ነው፣ ጸሐፊውን በዚህ አመሰግናለሁ። ሰው ተስፋ መቁረጡን ደጋግሞ ሲናገር፣ ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ ሲናገር፣ የሚወደውን ዕቃ ያለ ምክንያት ሲያድል፣ ሲርቅ፣ ቀርቦ በግልጽ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ?» ማለት ያስፈልጋል። መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይላል። ይህ ግን በሕይወት ላለው ሰው የሚሠራ ትምህርት ነው። ሐዘንተኛዋን እናት አቁሞ «ጥፋትሽን እመኚ» ለማለት አይሆንም። እሷ ያለዚያም በየሌሊቱ ራሷን ትከስሳለች። ፈራጅ አልጎደለባትም።

«ለምን አትበሉ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ጥፋትህን ፈልግ የተባለ ሰው ለምን ሳይል እንዴት ይፈልጋል? ደግሞ አንዳንዱ «ለምን» መልስ የሚገባው ነው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ከጥር 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሞተው ነበር፣ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ከእነዚህ 40ዎቹን ኤምባሲዎቹ ራስን ማጥፋት ብለው መዝግበዋቸዋል። ልጇ በሳጥን የመጣችላት እናት «ራሷን አጠፋች» የሚል ወረቀት ይዛ ለምን ብትል ልንዘጋት ነው? ደመወዟ ተከልክሎ ነበር? ፓስፖርቷ ተይዞ ነበር? በር ተቆልፎባት ነበር? የዚያች እናት «ለምን» ሌላ ልጅ ሊያተርፍ ይችላል።

የእኔ «ለምን» እንዲህ ያለ መልስ የለውም። ግን መጠየቁ ራሱ ማልቀስ ነው። ሙሾን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ሙሾ ሟችን ይጠይቃል፣ ይወቅሳል፣ ይለምናል። በሁለተኛው ቀን አክስታችን ከደብረ ማርቆስ ደረሰች። ገና ከበሩ እንዲህ አለች፦

ሳትነግረኝ ሄድክ ወይ ሳልሰማህ ቀርቼ፣
በርህን ሳላንኳኳ ከደጅህ አምሽቼ።

ሴቶቹ እጇን ይዘው ዝም አሰኟት። ምስጢሩ ይወጣል ብለን ፈርተን ነበር። እኔም ካስቆሟት አንዷ ነኝ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ በድንኳኑ የተነገረ እውነተኛ ቃል ቢኖር ያ ብቻ ነበር። አክስቴ ባለፈው ዓመት አረፈች፤ ሙሾዋን ሳትጨርስ እንዳቋረጥናት ነው የሚሰማኝ።

ስለ አርባ ቀኑ ብዙ አልልም። ባህላችን ራሱ ከሰልስት ተነስቶ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ሐኪሞቹም ሐዘንን በመርዘሙ ብቻ ሕመም አይሉትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ዝርዝር እንኳን የተራዘመ ሐዘን የሚለውን ቢያንስ ስድስት ወር ካላለፈ አይቆጥረውም። ወደ ሥራ ተመለሱ የሚለው ምክር ግን ለእኔ ሠርቷል። ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሌላ ነገር የማስብበት ቦታ ማግኘቴ ረድቶኛል።

«የፈረንጅ ነገር» የተባለውስ? ፈረንጅም ያፍር ነበር። የቀድሞው አሜሪካዊ ሴናተር ሃሪ ሪድ አባታቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን አጥፍተው ሲሞቱ፣ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ሳይናገሩ ኖረዋል። በኋላ ግን ተናገሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. በሳቸው ሐሳብ አቅራቢነት፣ እንዲህ ያለ ሞት የደረሰባቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ በኅዳር የሚገናኙበት ቀን ተቋቋመ። ያን ቀን የሚያደርጉት ነገር ሲነገረኝ ለቅሶ መድረስ መሰለኝ። ሰብሰብ ይላሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አብረው ይበላሉ። እኛ ያለንን ነገር ነው እነሱ እንደ አዲስ የሠሩት።

እኔ ወደ አማካሪ የሄድኩት በአራተኛው ዓመት ነው። ጠበልም እሄዳለሁ፣ አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም። «አማኑኤል» የሚለው ስም በከተማችን ስድብ ሆኖ ስለኖረ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ በር ላይ መታየት ብዙ ሰው ይፈራል። እኔም ፈርቻለሁ። ይህን የምታነቡ በዚህ ሐዘን ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ሞት ሞት የሚሸታችሁ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለንስሐ አባት፣ ለኢማም፣ ለእህት፣ ለጤና ጣቢያ ነርስ፣ ለማንም። ብቻችሁን አትደሩ። አሜሪካ ያላችሁ 988 ብላችሁ በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችላላችሁ።

የቀረው ፎቶው ነው። አንሱት ይላሉ።

ፎቶው እናቴ ሳሎን፣ ከቡፌው በላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም። እናቴ አቧራውን እንኳን ፊቷን አዙራ ነበር የምትጠርገው። ባለፈው እንቁጣጣሽ ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ዘመዳችን ፎቶውን አይቶ ልጅቷን «አባትሽ በምን ነበር ያረፈው?» አላት። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። እኔም ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ቀደመችን። «የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ራሱን አጥፍቶ ነው የሞተው» አለችው። ዘመዳችን ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ዱካውን ወደ እሷ አስጠጋና «ነፍሱን ይማር። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ንገሪኝ እስቲ» አላት። ኳስ ሲያይ እንዴት እየጮኸ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ፣ እንቁላል ሲጠብስ ሁልጊዜ እንደሚያሳርር፣ ጫማ አላደርግም ስትለው ተሸክሟት እንደሚሄድ ነገረችው። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ አወራች።